«ፉል ፍሬም ነው» ስላሏችሁ ብቻ ካሜራችሁን አትለውጡ

ካሜራ ልትለውጡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ሰርግ የምትሠሩ ልጆች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ጥር ሲቃረብ ስታዲየምና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሜራ ፈላጊው ይበዛል። እኔም በዚያው ሰሞን ነው የተበላሁት።

ካኖን 80ዲ ነበረኝ። ክሮፕ ሴንሰር ነው፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ከፉል ፍሬም ያነሰ ነው ማለት ነው። ከ17-55 ሌንሱ ጋር (ትንሹ ቁጥር ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ትልቁ ያቀርባል) ሦስት ዓመት እንጀራ አብልቶኛል። ግን አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ «ፉል ፍሬም ካልያዝክ ደህና ሥራ አታገኝም» ይሉኝ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ካኖን 6ዲ ከመስታወቱ ውስጥ አወጣ። «ወንድሜ፣ ያንተ ክሮፕ ነው፤ ይሄ ፉል ፍሬም ነው። ያንተን ከነሌንሱ ስጠኝ፣ 60 ሺህ ብር ጨምርበት፣ ይሄን ከነሌንሱ ውሰድ» አለኝ። የተገጠመበት ሌንስ ታምሮን 17-50 ነበር። ቁጥሩ ከእኔው ጋር ስለሚቀራረብ ልቤ አረፈ።

ሌንሱን ወደ 50 ዙም አድርጎ ፊቴን አነሳኝ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ጥርት ያለ ነው፤ ከኋላዬ ያለው መደርደሪያ ደግሞ ብዥ ብሏል። ቀጥሎ የፎቶውን የፋይል ቁጥር አሳየኝ። 3 ሺህ ምናምን ይላል። «ገና 3 ሺህ ፎቶ ነው ያነሳው፣ አዲስ በለው» አለኝ። ተጨባበጥን።

በሳምንቱ አራት ኪሎ አንድ ቤት ሰርግ ነበረኝ። ሳሎኗ ጠባብ ናት። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። የሙሽሪት አያት መጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ሁሉንም ላስገባ ብዬ ሌንሱን ወደ 17 መለስኩት። አራቱም ጥግ ጥቁር ሆነ። በቁልፍ ቀዳዳ የማይ ነው የመሰለኝ። የሌንሱን ኮፍያ (ጫፉ ላይ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ) አወለቅኩ፤ ያው ነው። ጥቁሩ እስኪጠፋ ዙም ሳደርግ አያቷ ከፎቶው ወጡ። ወደኋላ እንዳልሸሽ ጀርባዬ ከቡፌው ጋር ተጣብቋል። ከነጥቁሩ አነሳሁና ማታ ቤቴ ቆረጥኩት። የሙሽሪት እናት ፎቶውን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ አባባ የት ገቡ?» ነው። የምመልሰው አጣሁ። ያን ቀን ደግሞ ማንም ሊደግመው አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስፋት ማለት ነው። የካኖን ክሮፕ 22 በ15 ገደማ ነው። ሌንስ ወደ ውስጥ የሚጥለው ብርሃን ክብ ነው። ለክሮፕ ተብሎ የተሠራ ሌንስ ክቡ ትንሽ ስለሆነ ትልቁን ሴንሰር አይሸፍነውም። ያ ታምሮን ለክሮፕ የተሠራ ነው። ሌንሱ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ 80ዲዬ ላይ ቢገጠም ኖሮ ጥሩ ሌንስ ነበር። እንዲህ ያለ ሌንስ ዋይድ ሲሆን፣ ማለትም ወደ ትንሹ ቁጥር ሲመለስ ነው ጥቁሩ የሚብሰው። ወደ 50 ሲጠጋ ይሳሳል። ሻጩ ፊቴን በ50 ያነሳው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በጣም ያቃጠለኝ ደግሞ ሒሳቡ ነው። 6ዲ 20 ሜጋፒክስል ነው። ለክሮፕ የተሠራ ሌንስ ገጥማችሁ ጥቁሩን እስከ ክሮፕ ሴንሰር ስፋት ስትቆርጡት የሚቀራችሁ 8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። የሰጠሁት 80ዲ 24 ነበር። 60 ሺህ ብር ጨምሬ ከ24 ወደ 8 ወረድኩ ማለት ነው፤ ያውም መልሼ ክሮፕ ሆኜ።

ዕድሜያቸውንም ማየት ነበረብኝ። 6ዲ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 80ዲ በ2016። 6ዲ 11 የፎከስ ነጥብ አለው፣ 80ዲ 45። 6ዲ በሰከንድ 4.5 ፎቶ ያነሳል፣ 80ዲ 7። የ80ዲ ስክሪን ይገለበጣል፣ ቪዲዮ ላይም ፎከሱ ሰው ይከተላል። 6ዲ ሁለቱም የለውም። ሙሽሮች እየጨፈሩ ሲገቡ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሠራችሁት ታውቃላችሁ።

6ዲን ግን አልበድለውም። ሴንሰሩ ከካኖን ክሮፕ በስፋት 2.6 እጥፍ ስለሚሆን ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ንጹሕ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው። ግን ያንኑ ያህል ብርሃን በሌንስም ይገኛል። ከ2.8 ሌንስ ወደ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ስትሄዱ (ይህ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ከአንድ ስቶፕ በላይ ታተርፋላችሁ፤ ያ ሌንስ ደግሞ ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ክሮፕ ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ ለሙሽራ ፊት የሚያምር ነው። ለጠባብ ሳሎን የካኖን 10-18 ለክሮፕ ተብሎ የተሠራ ነው። ክሮፕ ይዛችሁ እነዚህን ሁለቱን ካልሞከራችሁ ገና ካሜራ መለወጥ ላይ አልደረሳችሁም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። ወፍ ወይም ሩጫ የምታነሱማ ጭራሽ አትቸኩሉ። 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካኖን ክሮፕ ላይ እንደ 480 ያቀርብላችኋል።

«3 ሺህ ፎቶ» የተባለውም ውሸት ነበር። የፋይሉ ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ስንት ጊዜ እንደዞረ ከቁጥሩ አታውቁም። ካኖን ላይ ትክክለኛው የሻተር ካውንት፣ ማለትም ካሜራው ስንት ጊዜ እንዳነሳ የሚቆጥረው ቁጥር፣ ፎቶው ውስጥ ስለማይጻፍ ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል። ባለሙያ ጋር ወስጄ ሳስነብበው 140 ሺህ አለፈ። የ6ዲ ሻተር የተሠራው ለ100 ሺህ ያህል ነው። ካለፈም ሊሠራ ይችላል፤ ዋጋው ግን የአዲስ ዋጋ መሆን አልነበረበትም።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። የካኖን ሌንስ መግጠሚያው ጠርዝ ላይ ምልክት አለ። ነጭ አራት ማዕዘን ከሆነ ለክሮፕ ብቻ ነው፣ ፉል ፍሬም የሆኑት 6ዲም ሆነ 5ዲ ላይ አይገባም። ቀይ ነጥብ ከሆነ ሁለቱም ላይ ይገባል። የሌላ ድርጅት ሌንስ ግን ይገባና ነው የሚያታልላችሁ። ታምሮን «ዲአይ ቱ» ካለ፣ ሲግማ «ዲሲ» ካለ የክሮፕ ነው። ኒኮንና ሶኒ ላይ ካሜራው ራሱ ምስሉን ስለሚቆርጠው ጥቁሩን ላታዩት ትችላላችሁ፤ ሶኒ ኤ7 ሦስት ለምሳሌ ከ24 ሜጋፒክስል ወደ 10 ይወርዳል። ፎቶ ስትሞክሩ ሻጩ አያንሳላችሁ። ሌንሱን ትንሹ ቁጥር ላይ አድርጋችሁ የሱቁን ነጭ ግድግዳ ራሳችሁ አንሱና ጥጎቹን እዩ።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ስሄድ ሻጩ «አንተው ሞክረህ ነው የወሰድከው» አለኝ። እጄ ላይ ያለችው ስሟ እንኳ የማይነበብ ቁራጭ ወረቀት ነበረች። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ከማስረጃ ጋር ቀርቦ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጎደለኝ ማስረጃው ነው። እናንተ ደረሰኙ ላይ የካሜራውን ሞዴል፣ የሴሪያል ቁጥሩን፣ የሻተር ካውንቱን፣ ሌንሱም ለፉል ፍሬም የሚሆን መሆኑን አስጽፉ። «አልጽፍም» ካለ ካሜራችሁን አንሱና ውጡ። እዚያው ስታዲየም ዙሪያ ሌላም ሱቅ አለ።