ማስጠንቀቂያ፦ «ፎር ባይ ፎር ነው» ተብሎ የሚሸጥ፣ ፊቱ ግን የማይጎትት መኪና

ክረምት ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ያገለገለ ፒካፕና ላንድክሩዘር የሚፈልግ ሰው ይበዛል። ለገበያ ከሚቀርቡት መካከል በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄዱ አሉ። የፊት ትራንስሚሲዮናቸው (ኃይልን ወደ ፊት የሚያደርሰው የሚሽከረከር ዘንግ) ተፈቶ ወጥቷል፣ ወይም የፊት ዲፈረንሻላቸው (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ተሰብሮ ሳይጠገን ቀርቷል። የፎር ባይ ፎር ማርሹ ቦታው ላይ ስላለ ገዥ አይጠረጥርም። አስፋልት ላይ ደግሞ ልዩነቱ አይታወቅም። ስለዚህ አስፋልት ላይ ብቻ ከሚያስሞክር ሻጭ አትግዙ። ጉዱ የሚወጣው ሐምሌ ላይ፣ የደጀንና የቢቸና ዋልካ ውስጥ ነው፤ ያኔ ደላላውም ስልክ አያነሳም።

ቀብድ ሳትከፍሉ ከመኪናው ሥር ግቡ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄድ ትራንስሚሲዮን መኖር አለበት። ካለም ክሮቸራውን (የዘንጉን መታጠፊያ መጋጠሚያ) በእጅ ነቅንቁት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አልቋል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉና የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። የፊት ሁለቱን ፍሪ ዊል (በፊት ጎማው መሐል ያለውን፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ማዞሪያ) «ሎክ» ላይ አዙሩ፣ ማርሹን ኤች 4 (ፈጣኑ ፎር ባይ ፎር) እና አንደኛ ላይ አስገቡ፣ ከዚያ አንድ የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ። ጎማው በእጅ ሲዞር ጥቂት ላልቶ መያዝ አለበት። እንደ ልብ የሚሽከረከር ከሆነ ከፍሪ ዊሉ እስከ ማርሹ ድረስ አንድ ቦታ ተቋርጧል። በዚያው ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉት፤ ከተወዛወዘ ኩሺኔታውን (የጎማውን ቤሪንግ) ወይም የመሪውን መጋጠሚያ አስፈትሹ።

ሌላው ሙከራ በመንዳት ነው። ጠጠር ባለበት ደረቅ መሬት ላይ፣ ፍሪ ዊሉ «ሎክ» ላይ እንዳለ ኤች 4 አስገብታችሁ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ፣ በእግር ፍጥነት ከ10 ሜትር ሳያልፍ ንዱ። ደህና መኪና ፍሬን እንደተያዘ ይጎትታል። በኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፣ የፊትና የኋላ ትራንስሚሲዮኖች ግን እኩል ስለሚዞሩ ይያያዛሉ። ምንም ሳይከብደው ቀልጠፍ ብሎ ከዞረ ፊቱ አይሠራም። (ይህ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ለሚሄዱት፣ ለምሳሌ ለብዙዎቹ ፕራዶዎች፣ አያገለግልም።) ስትዞሩ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የጎማው መገጣጠሚያ ተበልቷል።

ዘይቱን ሳታዩ አትመለሱ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ስትፈቱ መጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ክፈቱ። የታችኛውን አስቀድማችሁ አፍስሳችሁ የላይኛው እምቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቆማል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ወንዝ ሲሻገሩ የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻ ቱቦው በጭቃ ከተደፈነም በፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎማ) በኩል ውሃ ይስባል። በቡሎኑ ማግኔት ላይ ቀጭን ጥቁር ዝቃጭ ቢኖር አያስደነግጥም፤ የብረት ፍርካሽ ግን የዲፈረንሻሉ ጥርስ እየተሰበረ መሆኑን ያሳያል። «ዘይቱን አሁን ነው የቀየርኩት» የሚል ሻጭ አሮጌውን ካላሳየ አትመኑት።

ባለ ሙሉ ፊት አክሰል (ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክሰል የተያያዙ) በሆኑት ላንድክሩዘሮች፣ ከፊት ጎማው በስተጀርባ ያለውን ክብ ብረት እዩ። ቀጭን ዘይትና ግራሶ ተደባልቆ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ፓራኦሊዮ ተበልቷል። ገና ታጥቦ ከመጣ ደግሞ ግማሽ ቀን ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩት።

ሞተሩን ሲቀዘቅዝ አስነሱ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የራዲያተሩን ክዳን ሳይሞቅ ከፍታችሁ አስነሱትና ውሃው ላይ አረፋ ያለማቋረጥ ቢፈላ የተበላሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የላላ ክዳን ያለው መኪና ቶሎ ይፈላል፤ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው አቀበት ይህን ያጋልጠዋል።

ሁሉም ደህና ከሆነ፣ የፊት ጎማዎቹ በፎር ባይ ፎር የሚጎትቱ መሆናቸው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የሻንሲ ቁጥሩንም ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።