ግማሽ ትዕዛዝ ሲመዘገብብን ለደረሰችልን ባለሙያ

አንዲት የባክኤንድ (ተጠቃሚው የማያየው የሲስተም ክፍል) ባለሙያን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ለወራት ያስጨነቀንን ችግር ፈትታልናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ ያዛል፤ ዕቃው ከክምችት ይቀነሳል፤ ትዕዛዙ ግን የለም። አንዳንዴ ደግሞ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል የደረሰው ሰው ይደውላል፤ ዳታቤዙን ብናገላብጥ አናገኘውም። ሲስተማችን በጃንጎ (የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ) እና በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) የተሠራ ነው። ሰርቨር ቀየርን፣ ሜሞሪ ጨመርን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እሷ ሰርቨሩን አልነካችም። «ኮሚት የሚሆነው (ለውጡ ዳታቤዙ ላይ ጸድቆ የሚቀመጠው) የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ጃንጎ ትራንዛክሽን (ብዙ ለውጦችን እንደ አንድ ሥራ የሚያስር) ካልተከፈተለት እያንዳንዱን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) ወዲያው ኮሚት ያደርጋል። የዕቃው ቅነሳ ይጸድቃል፣ ቀጥሎ ስህተት ይፈጠራል፣ ትዕዛዙ በዚያው ይቀራል። ሁለቱም በአንድ አቶሚክ ብሎክ (ወይ ሁሉም ይጸድቃል ወይ ምንም አይጸድቅም የሚል የኮድ ክፍል) ውስጥ መሆን አለባቸው አለች።

አቶሚክን ከዚህ በፊት ሞክሬው እንደነበርና ለውጥ እንዳላመጣ ነገርኳት። ያንን ኮድ አስከፈተችኝ። ስህተቱን እዚያው ብሎኩ ውስጥ ይዤ፣ ሎግ ላይ ጽፌ አልፈው ነበር። ጃንጎ ደግሞ ሮልባክ የሚያደርገው (ለውጡን ወደ ነበረበት የሚመልሰው) ስህተቱ ከብሎኩ ሲወጣ ነው። ውስጥ ታፍኖ ከቀረ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ግማሹን ሥራ ኮሚት ያደርገዋል። ስህተቱን የሚይዘውን ኮድ፣ ትራይና ኤክሴፕቱን፣ ከብሎኩ ውጭ አደረገችው። ለስንት ወር ያንገላታን ነገር ጥቂት መስመር በማዘዋወር ተፈታ።

ኢሜይሉም እንዲሁ። በሴለሪ (ሥራዎችን ከጀርባ የሚያስኬድ መሣሪያ) ወረፋ የሚይዘው ትዕዛዙ ኮሚት ከመሆኑ በፊት ነበር። የተላከ ኢሜይል ደግሞ ሮልባክ የለውም። ኮሚት ከሆነ በኋላ ብቻ የሚሠራው የጃንጎ ኦን ኮሚት ውስጥ አስገባችው፤ አሁን ትራንዛክሽኑ ካልጸደቀ ኢሜይል አይወጣም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን እምቢ ስትለኝ ነው። አቶሚክ ሪኩዌስትስ የሚባለውን የጃንጎ ቅንብር አብርተን እያንዳንዱን ሪኩዌስት (ወደ ሲስተሙ የሚመጣ ጥያቄ) በትራንዛክሽን እንጠቅልል አልኳት። «ለእናንተ አይሆንም» አለች። ክፍያ ስንፈጽም የውጭ አገልግሎት መልስ እስኪሰጥ እንጠብቃለን። ያን ሁሉ ጊዜ ትራንዛክሽኑ ክፍት ይሆናል፣ የተቆለፉት ረድፎችም አይለቀቁም፣ ሌላው ደንበኛ ይቆማል። የጠየቅኩትን ዝም ብላ ሠርታ ሂሳቧን መቀበል ትችል ነበር። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

ስትጨርስም ኮዱን የሚፈትሽ ቴስት ጽፋ፣ ምን ለምን እንደተቀየረ በአንድ ገጽ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ግማሽ ትዕዛዝ አላየንም።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። እንዲህ ያለ ችግር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።