በሠራተኞች ቀን ወደ ላንጋኖ፦ ከመስቀል አደባባይ የሚነሣው የደርሶ መልስ ጉዞ እንዴት ነበር?

በበዓል ቀን ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጦና ዋኝቶ በዕለቱ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ብትሆንም ሐይቆቿ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጎድጓዳ ሥፍራዎች ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ልጆች እንደልባቸው የሚቦርቁበት ሰፊ ዳርቻ የላቸውም፤ የዝዋይ ሐይቅም በቢልሃርዚያ ሥጋት ምክንያት ለዋና አይመከርም። ላንጋኖ በበዓላት ሰሞን የሚጨናነቀው ስለዚህ ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ 23 ዓርብ በመዋሉ ረጅም ዕረፍት ተገኝቷል፤ ቀኑ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነም ጾም አልነበረም። እኔም ለቤተሰቤ የደርሶ መልስ ቦታ የያዝኩት ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ካለው አንድ የጉዞ አዘጋጅ ነው። ክፍያው ትራንስፖርትን፣ ቁርስን፣ ምሳንና የመዝናኛ ቦታውን መግቢያ ያጠቃልላል።

ቀጠሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ነበር። ብዙዎቻችን በሰዓቱ ብንገኝም ኮስተሩ የተንቀሳቀሰው የዘገዩ ተሳፋሪዎች ተጠብቀው 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ይህን በጥብቅ የማነሣው ላንጋኖ የሚታወቅ ጠባይ ስላለው ነው፦ ጠዋት ረግቶ የሚያረፍደው ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ ለልጆችና ዋና ለማይችሉ ሰዎች የሚስማማው ጊዜም የጠዋቱ ነው። በመሆኑም ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ መነሻው ላይ የባከነው ጊዜ በቀጥታ የሚቀነሰው ከመልካሙ የዋና ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ የመጣው ተሳፋሪ ደግሞ ስለ ሌላው መዘግየት ሊቀጣ አይገባም።

መንገዱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሾፌሩ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በፍጥነት መንገዱም ሆነ ከሞጆ ወዲያ ወደ መቂ ስንታጠፍ በእርጋታ ነው የነዳው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት የለም። ባቱ ላይ የቀረበልን ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ከነዳጣው ለቁርስ ከጠበቅነው በላይ ነበር።

የሐይቁ ውሃ ቡናማ ነው። ጉልበት ድረስ ገብቶ ወደ ታች የሚመለከት ሰው የእግሩን ጣቶች አያያቸውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ተሳፋሪዎችም ዳር ላይ ቆመው ሲያመነቱ ተመልክቻለሁ። ከእኛ ጋር የተጓዙ አንዲት እናት አስተባባሪውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ሲሉት ጎንበስ ብሎ፣ «አይደለም እማማ፤ ነፋሱ የሚያናውጠው ደቃቅ ደለል ነው እንዲህ ያስመሰለው። ላንጋኖ ሁሌም መልኩ ይኸው ነው» አላቸው። መልሱ ትክክል ነው፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አጣጥፈው ለልጃቸው ሰጡና እግራቸውን ነከሩ። ተሳፋሪን እንዲህ በአክብሮትና በዕውቀት የሚያስተናግድ ሠራተኛ መቅጠሩ የድርጅቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው።

ምሳው አስቀድሞ በመታዘዙ፣ ሌላው እንግዳ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ ሲጠብቅ እኛ ወዲያው ተስተናገድን። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ የልብስ መቀየሪያው ግን ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም ነበር።

አሳሳቢ ሆኖ ያገኘሁት የደኅንነቱን ጉዳይ ነው። ነፋሱ ከተነሣ በኋላ የጀልባ ሽርሽር የፈለጉ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ አዘጋጁ ይዞት የመጣው የነፍስ አድን ጃኬት ግን ጥቂት ከመሆኑም በላይ አንዱም በልጅ ልክ የተሠራ አልነበረም። ዳርቻው ላይ ዋናተኞችን የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ሳይኖር፣ ሕፃናት ያሉበትን ቡድን ወደ ሐይቅ የሚወስድ ድርጅት ጃኬቱን ከምግቡ አስቀድሞ ማሟላት ነበረበት። ይህን ለአስተባባሪው ነግሬው በቅንነት ተቀብሎኛል፤ ሆኖም ጉዳዩ የእሱ ሳይሆን የቢሮው ኃላፊነት ነው።

ስንመለስ ቃሊቲ ላይ በነበረው መጨናነቅ ምክንያት መስቀል አደባባይ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ታክሲ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ሰዓት ሕፃን ታቅፎ መቆም አድካሚ በመሆኑ፣ ቢያንስ እስከ ሜክሲኮና እስከ መገናኛ የሚያደርስ መኪና በክፍያው ውስጥ ቢካተት ተጨማሪውን ዋጋ በደስታ የሚከፍል ብዙ ሰው አለ።

ዋና ለሚችሉ ወጣቶች ጉዞውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ልጆች ያሏቸው ግን ይኸው ቢሮ ከሚያዘጋጀው የአዳር ጉዞ ላይ ቦታ ቢይዙ ይሻላል፤ ማልደው ተነሥተው የረጋውን ውሃ ያገኙታል። ከመክፈላቸው በፊትም በልጆቻቸው ልክ የሆነ ጃኬት መኖሩን ቢሮው ድረስ ሄደው በዓይናቸው ይዩ።