ዊንዶውን ከነጓዙ ወደ ኤስኤስዲ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የምንሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እኔ ግን ፎርማት ማድረግ አልፈለግኩም። ሥራዬ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። የምኖረው ደሴ ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ደግሞ ኮምቦልቻ ናቸው። ላፕቶፔ ላይ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የያዝኩት የእነሱ ሂሳብ በሙሉ አለ። በፓወር ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የቆዩ ውሎችና ደብዳቤዎችም አሉ፤ ፎንቶቹ ካልተጫኑ አይነበቡም። ይህን ሁሉ አፍርሶ እንደገና መትከል፣ ያውም ሰኔ 30 እየተቃረበ፣ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚዞር ነገር በሌለውና በቺፕ ላይ በሚያስቀምጥ ፈጣን ዲስክ፣ ቀይሬ ዊንዶውን ከነጓዙ አዛወርኩት።

የገዛሁት ኪንግስተን ኤ400 ነው፤ ባለ 480 ጊጋባይት፣ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ መሰኪያ የሚሰካ። የድሮው ሃርድ ዲስክ 320 ጊጋባይት ነበር። ዊንዶው ላይ 480ው 447 ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ። አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ዊንዶው በ1024 ስለሚቆጥር ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

ለማዛወር የተጠቀምኩት ክሎንዚላን፣ ዲስክን ከነይዘቱ ወደ ሌላ ዲስክ የሚቀዳ ፕሮግራም፣ ነው። ነፃ ነው። ፍላሽ ላይ ይጫንና ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል፤ አዲሱ ዲስክ ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ ይሰካል። ከዚያ በፊት ግን ዊንዶው በትክክል መዘጋት አለበት። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ከበራ፣ ዘጋሁት ያላችሁት ዊንዶው ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው። ሺፍትን ተጭኖ ሸት ዳውን ማለት ይበቃል። ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለም አስቀድሞ ይጥፋ።

ክሎንዚላ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው፤ በኪቦርድ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይዘረዝራል። ስሙን ሳይሆን መጠኑን እዩ፤ 320 የሚለው ምንጩ፣ 480 የሚለው መድረሻው። ቦታቸው ከተቀያየረ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፍና የዓመታት ሥራ ይጠፋል። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነህ?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። በየጊዜው ጽሑፉን አንብባችሁ መልሱ። በሌላ በኩል መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ዲስክ ምንም አይሆንም። ከእሱ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ነገር የለም፤ እንደገና መጀመር ነው።

አንድ ሌላ ነገር። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው የሚበልጥ ከሆነ፣ ክፍፍሉን (ፓርቲሽኑን) በዲስኩ መጠን ልክ አስፍቶ የሚሠራውን ኬ1 የተባለውን ምርጫ ውሰዱ። አለበለዚያ ትርፉ ቦታ ዲስኩ ጫፍ ላይ ባዶውን ይቀራል። ዊንዶው ካለበት ከሲ ድራይቭ ቀጥሎ ሪከቨሪ የሚባለው ትንሽ ክፍል ካለ ደግሞ መሃል ላይ ይጋረጣል። ያኔ ሲን ለማስፋት ስትሞክሩ ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚለው ደብዝዞ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ነፍስ ዘርቷል። ድሮ ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላም የዲስኩ መብራት ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ዲስክ 100 በመቶ፣ ቀይ። አሁን ገና ከመክፈቴ ፒችትሪ ይነሳል፤ ሌጀሩም ወዲያው ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያነባል ይላል፤ ለእኔ ሥራ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ፒችትሪ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ነው የሚነካካው። ሃርድ ዲስክ ለእያንዳንዷ መርፌውን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ እስኪዞር ጠብቆ ነው የሚያነበው። ይህ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያ መጠበቅ ቀረ። ራሙም ፕሮሰሰሩም የድሮዎቹ ናቸው፤ የተቀየረው ዲስኩ ብቻ ነው።

መንገዱም አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ሚኒባሱ እንዴት እንደሚያንገላታ የሄደበት ያውቀዋል። ድሮ ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ አላስገባውም ነበር፤ እየዞረ ያለ ዲስክ ሲመታ መርፌው ሳህኑን ሊጭረው ይችላል። አሁን ክዳኑን ዘግቼ እሳፈራለሁ፤ ስወርድ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ባትሪዬ ደካማ ስለሆነ እየሠራሁ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። በሃርድ ዲስኩ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዲስክ ምርመራ ትዕግስት ያስጨርስ ነበር። አሁን ቶሎ ያልፋል። ግን ኤስኤስዲም ቢሆን እየተጻፈበት መብራት ከሄደ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ድክመቱንም ልናገር። በዚህ ደረጃ ያሉ ኤስኤስዲዎች የራሳቸው ዲራም (ሥራ የሚያፋጥን ትንሽ ሚሞሪ) የላቸውም፤ ትልልቅ ፋይል በብዛት ሲገለበጥባቸው ፍጥነታቸው ይወርዳል። ለሂሳብና ለጽሑፍ ሥራ ችግር አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ሻል ያለውን ቢገዛ ይሻለዋል። ዕድሜው አያሳስበኝም፤ ለ480ው የተሰጠው የመጻፍ ዋስትና 160 ቴራባይት ነው፣ የእኔ ሥራ ወደዚያ አይጠጋም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ የመንኳኳት ድምፅ ያሰማል፤ ኤስኤስዲ ግን ድንገት ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ አልጣልኩትም፤ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ባክአፕ እይዝበታለሁ። እናንተም አዲሱ በደንብ መሥራቱን ሳታረጋግጡ የድሮውን አታጥፉ።

ኤስኤስዲ የማይፈታው ነገር የዊንዶው 10 ጉዳይ ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶው 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። የእኔ ላፕቶፕ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ኤስኤስዲው ግን አብሮት አይጣልም። የሚቀጥለው ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ቦታ ካለው ይገባበታል፤ ኤም ዶት ቱ የሚባለው ትንሹ የኤስኤስዲ መሰኪያ ብቻ ከሆነም በዩኤስቢ ሳጥን ለባክአፕ ይሆነኛል።