ደብረ ብርሃን ላይ ሲስተም ያስቸገራችሁ ካላችሁ ይሄን ልጅ ፈልጉት

ኧረ ይሄንስ ዝም አልልም፣ በአደባባይ ካላመሰገንኩት አይወጣልኝም። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ስራችሁን በሲስተም የምታሰሩ በተለይ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ ጅምላ አከፋፋዮች ነን። የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢት፣ የመሃል ሜዳ ባለሱቆች በስልካቸው ያዛሉ፣ ይከፍላሉ፣ እኛ ጭነን እንልካለን። ሲስተሙን የሰሩልን ሰዎች (ስም አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ) ኦርደሩን ለብቻ፣ ክፍያውን ለብቻ፣ ስቶኩን ለብቻ፣ ኤስኤምኤሱን ለብቻ እያደረጉ በትናንሽ ሰርቪስ (ለየብቻ የሚሰሩ ፕሮግራሞች ማለት ነው) ከፋፍለው፣ በላዩ ላይ ኢስቲዮ የሚባል፣ ሰርቪሶቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ የሚቆጣጠር ነገር ጭነውበት፣ ብራቸውን ተቀብለው ስልክ ማንሳት አቆሙ። ከዛ ወዲህ ኦርደር አንዳንዴ ይገባል አንዳንዴ ይጠፋል፣ ብሩ ገብቷል ኦርደሩ የለም። አንዱ ደንበኛችን ከመሃል ሜዳ ድረስ በዛ ብርድ መጥቶ ሰው ፊት "እናንተም ሌባ ሆናችሁ?" ሲለኝ የምገባበት ነው የጠፋኝ።

ያላስመጣነው ባለሙያ የለም። አንዱ ክፍያው ላይ ነው ይላል፣ የክፍያው ሰውዬ ደሞ እኛ ጋ ሰላም ነው ኔትወርካችሁን እዩ ይላል፣ ሌላው ከአዲስ አበባ መጥቶ አበሉን ተቀብሎ ላፕቶፑን ገና በወጉ ሳይከፍት "ሰርቨር ጨምሩ" ብሎን ሄደ። ጨመርን! ምን ተሻለ? ምንም። እስቲ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚነጋገር ልየው ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው፣ ዝምተኛ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ኪያሊ የሚባል፣ የቱ ሰርቪስ ከየቱ ጋር እንደሚነጋገር በስእል የሚያሳይ ነገር ጫነ፣ ነጻ ነው፣ ለኢስቲዮ ተብሎ የተሰራ ነው አለኝ። ኢስቲዮን ራሱ ጎግል፣ አይቢኤምና ሊፍት የሚባሉት ኩባንያዎች ናቸው አሉ በፈረንጆቹ 2017 ያወጡት፣ የኛዎቹ ጥለውት ሲሄዱ ግን ማን እንደሰራው ምን ይጠቅመኛል። ስክሪኑ መጀመሪያ ባዶ ነበር። "ሰው እያዘዘ ካልሆነ መስመሩ አይታይም፣ እስቲ ሁላችሁም እዘዙ" አለን። ስልካችንን አውጥተን ሳሙናም ስኳርም ማዘዝ ጀመርን፣ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ክቦች መጡ፣ በመሃላቸው መስመር፣ አረንጓዴው እየበዛ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀይ።

እዚህ ጋ ነው ልጁን የወደድኩት። ለኛ ለአለቆቹ ማብራራት ሲችል ላፕቶፑን ወደ እቃ ክፍል ሰራተኛችን አዞረው። እትዬ እድሜያቸው የገፋ ነው፣ እስካሁን የመጡት ባለሙያዎች አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩዋቸውም። "እትዬ፣ በየሰርቪሱ በር ላይ ገቢና ወጪውን የሚመዘግብ ጥበቃ እንዳለ ያስቡት፣ ይሄ ስእል የሚወጣው ከሱ መዝገብ ነው" አላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ክቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ሲያስነብቡት ቆዩና "ይሄማ የኔ ስቶክ ነው ልጄ፣ ግን ለምንድነው ሁለት የሆነው?" አሉ።

ልጁ ሳቀ። "እሱን ነው የምፈልገው እትዬ!" ለካ አሮጌው የስቶክ ሰርቪስ አልጠፋም፣ ከመቶው 90 ኦርደር ወደ አዲሱ፣ 10 ወደ አሮጌው እየሄደ ነው። ሰዎቹ ለሙከራ ከፋፍለውት ረስተውት ነው የሄዱት። አሮጌው ጋ የደረሰው ይወድቃል፣ ቀዩ መስመር እሱ ነው። አንድ ፋይል ከፍቶ 90ውን 100፣ 10ሩን ዜሮ አደረገው፣ አለቀ። ቀዩ ጠፋ፣ ከዛ ወዲህ የጠፋ ኦርደር የለም። እንዴት እንደሚሰራ አትጠይቁኝ፣ ግማሹም አልገባኝም!

እትዬ ከዛ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ስእል ነው፣ አከፋፈቱን አስተምሯቸው ነዋ የሄደው፣ ለዚህ ደሞ ሳንቲም አልጠየቀም።

ሰርቪሶቻችሁ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ ግራ የገባችሁ ሁሉ፣ አዲስ አበባ ከመሮጣችሁ በፊት ይሄን ልጅ አስጠሩት። በድጋሚ እላለሁ አስጠሩት! ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ አገናኛችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስራው ሲያልቅ ሂሳቡን እዛው ቁጭ እንዳለ ስጡት፣ ሲያፍር አይጠይቅም፣ እኔም አስፋልት ድረስ ሮጬ ነው የከፈልኩት።