ሳን ሴባስቲያን፦ ነጻው ጃዝ የሚሰማው ከየት ቆሞ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሆቴል ባንዶችና ለሠርግ አዳራሾች ሃያ ሁለት ዓመት ድምፅ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። ሥራውን ከተውኩ ቆይቷል፤ ጆሮዬ ግን ጡረታ አልወጣም። ኮንሰርት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ዘፋኙን ሳይሆን ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያው ሰሌዳ፣ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ባለፈው ሐምሌ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ፓሪስ ሄጄ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ነጻ የጃዝ ኮንሰርት አለ፤ እንሂድ?» አለችኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ጣናን ነበር። ቀጥሎ ያሰብኩት ደግሞ «ነጻ» ያለችውን ነው። በእኔ ዕድሜና ልምድ ነጻ ኮንሰርት ማለት ሜዳ ላይ የቆመ የተቀደደ ሞንታርቦ፣ የሚያፏጭ ማይክሮፎንና ከዘፈኑ የሚረዝም የመክፈቻ ንግግር ነው።

እሷ የምትለው ባሕር ዳር በሰሜን ስፔን የባስኮች ምድር የሚገኘው ሳን ሴባስቲያን ነበር። ባስኮቹ ራሳቸው ዶኖስቲያ ይሉታል። በዓሉ ጃዛልዲያ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረ፣ በስፔን በዕድሜ አንጋፋው የጃዝ ፌስቲቫል ነው። ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ዲዚ ጊሌስፒና ቻርልስ ሚንገስ ተጫውተውበታል። በየዓመቱ በሐምሌያችን አጋማሽ ይካሄዳል። ከፊሉ በትኬት ነው፤ በአሮጌው ከተማ ያለው የትሪኒዳድ አደባባይና የኩርሳል አዳራሽ ይከፈልባቸዋል። የዙሪዮላ የባሕር ዳርቻ መድረክና በኩርሳል ደጃፍ ባሉት ሰፋፊ እርከኖች ላይ የሚቀርቡት ግን ለማንም ክፍት ናቸው። እኔ የምጽፈው ስለነዚህ ነው። ለትኬት አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ጉዞው ራሱ ደስ ይላል። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ተጉዘን የፈረንሳይ ድንበር መጨረሻ የሆነችው ኦንዴ ደረስን። እዚያ ወርደን ጥቂት እርምጃ ስንራመድ ሌላ ትንሽ ባቡር ቆሞ ጠበቀን። ሰዎቹ «ቶፖ» ይሉታል፤ ፍልፈል እንደማለት ነው፤ በየመንገዱ ዋሻ ውስጥ እየገባ ስለሚወጣ። ሳን ሴባስቲያን በዚያ ሰሞን የአልጋ ዋጋ አይቀመስም፤ ስለዚህ በዚሁ በፍልፈሉ መስመር ላይ ባለችው ኢሩን ከተማ ክፍል ይዘን ማታ ማታ መመላለስ መረጥን። ይህን ለሚሄድ ሁሉ እመክራለሁ፤ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት እንዲህ ነበር። አሸዋው ላይ ትልቅ መድረክ ቆሟል። ከጎኑ ራፋኤል ሞኔዮ የነደፋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈቱት የኩርሳል ሁለት የመስታወት ሕንፃዎች፣ ባሕሩ ተፍቷቸው የሄደ ቋጥኝ መስለው ዘመም ብለዋል። ከኋላ ውቅያኖሱ ነው፤ ፀሐይ ገና ስላልጠለቀች የሞገድ ተንሸራታቾቹ ጣውላቸውን ይዘው ከውሃው አልወጡም። በዚያ ወቅት እዚያ አገር የሚመሸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ እየጎተተች ከመድረኩ እግር ሥር አቆመችኝ። የሳክስፎኒስቱን የግንባር ላብ እቆጥር ነበር። ግን ምን ሰማሁ? ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ብቻ። ትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች በግራና በቀኝ ተሰቅለው ከራሳችን በላይ አልፈው ወደ ኋላ ይጮኻሉ፤ ከፊት የቆመው ሰው የሚያገኘው የመድረኩን ፍርፋሪና ደረት የሚመታውን ወፍራሙን ድምፅ ነው። ሳክስፎኑ ጣቱ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ነፍሱ አትሰማም። ልጅቱ ግን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ለማየት የመጣ ሰው እዚያ ይቁም፤ አልከራከረውም።

በማግሥቱ፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የምመራው» አልኳትና ወደ ኋላ፣ ከመንገዱ ጋር ወደሚያዋስነው ግንብ ወሰድኳት። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹንና ምግቡን ይዞ እዚያ ይቀመጣል። ይህም አልሆነልኝም። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር አካባቢ ነው፤ መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የከበሮ መቺው ዱላ ሲወርድ ያያል፣ ድምፁ ግን የሰከንድ ሲሶ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ዓይንና ጆሮ ይጣላሉ። ይህስ ይቻላል፤ የማይቻለው ነፋሱ ነው። ከባሕሩ በኩል ሲነሳ ቀጫጭኑን ድምፅ፣ የሲምባሉንና የመለከቱን ጫፍ፣ አንሥቶ ይወስደዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመልሰዋል። አሮጌ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ እንደመፈለግ ነው። በዚያ ላይ የሞገዱ ሹሹታ የዘፋኙን «ሰ» እና «ሸ» ይውጠዋል። ይህ የማንም ባለሙያ ጥፋት አይደለም። ሜዳ ላይ አጥርና ድንኳን ይተከላል፤ ከውቅያኖስ ጋር ግን ማን ይከራከራል?

በሦስተኛው ምሽት ሚክሰሩን አገኘሁት። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ በመሐል፣ ሕዝቡ መካከል ያለች ባለጣሪያ ትንሽ ማማ ናት። ከእሷ ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ኮንሰርቱ የጀመረው። የድምፅ ባለሙያው ለራሱ ጆሮ የሚያስተካክለውን ድምፅ ከእሱ ጋር እኩል እሰማለሁ፤ ሳክስፎኑ በቦታው ነው፣ ኪቦርዱ ከሥሩ ተነጥፏል፣ ቤዙ ደረቴን ሳይደበድብ ይራመዳል። በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ ልጅቱ ብዙ ገንዘብ ከፍላ ወደ አንድ አዳራሽ ወስዳኝ ነበር። ወንበራችን ከምሰሶ አጠገብ፣ ወደ ጎን ነበር፤ የሰማነው የግራውን ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ከወንበራችን መነሣት አንችልም፤ ጥሩውን ቦታ ሌላ ሰው ገዝቶታል። ዙሪዮላ ላይ ግን ወንበር ስለሌለ ጥሩውን ቦታ የሚሸጥም የሚገዛም የለም። አዳራሽ ቢሆን ከሁሉ ውዱ ትኬት የሚሆነው ስፍራ፣ እዚህ አሸዋ ላይ ባዶውን ተቀምጦ የሚያውቀውን ሰው ይጠብቃል። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፊት ሲጋፋ እኔ እጄን እንደልቤ ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

በዚያ ምሽት የወጡት አራት የብሉዝ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ስማቸውን በጭብጨባው መሐል አልያዝኩትም። ብሉዝ ሲበዛ ቀላል ሙዚቃ ይመስላል፤ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ አሥራ ሁለት ባር (የምት ክፍል)፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ጊታሪስቱ ግን ገመዱን በጣቱ እየገፋ አንዷን ድምፅ ከቦታዋ ትንሽ ሲያሸሻት ጀርባዬን ውርር አደረገኝ። ከዚህ በፊት የት ሰማሁት አልኩ። ሳስበው ባቲ ነው! የብሉዝ ተጫዋች ለዜማው የሚመርጣቸው አምስት ድምፆች፣ እኛ ዘንድ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር የሚሉት ቅኝት ድምፆች ናቸው፤ እነሱ በመሐል «ሰማያዊ» የሚሏትን አንዲት ኖታ ይጨምሩበታል እንጂ። ለእህቴ ልጅ በጆሮዋ ባቲን አንጎራጎርኩላት። ፓሪስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቅኝት ምን እንደሆነ አታውቅም። ትንሽ አዳምጣ፣ «ጋሼ፣ እሱ የሚጫወተውን ነው እኮ የሚዘፍኑት» አለችኝ። አዎ፣ እሱን ነው የምዘፍነው። ከእኔ አጠገብ ቢራ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ዞረው ፈገግ አሉልኝ።

ባሕሩ ራሱ ፕሮግራም አለው፤ ይህን ሳይነግሩኝ የሄድኩት ተቆጭቼበታለሁ። በዚያ ጠረፍ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። ውሃው ሲጎድል አሸዋው የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል፤ ሲሞላ ደግሞ ሕዝቡ ሳይወድ በግድ ይጠጋጋል። እኔ ባሕሩን ሳላየው ጫማዬን አውልቄ ከኋላዬ አስቀመጥኩ። ብሉዙ ሲያልቅ ዞር ብል አንደኛው ጫማ በውሃ ተሞልቶ ቆሟል፤ ሌላውን አንዲት ሕፃን ልጅ አንሥታ ስትስቅ አገኘኋት። የሙላቱ ሰዓት በየዕለቱ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ስለሚሸጋገር የትናንቱን ይዞ መቆም አያዋጣም።

ዝናቡም አለ። በእኛ አገር ሐምሌ መሬት እስኪርስ ያወርደዋል፤ እነሱ ዘንድ «ሲሪሚሪ» የሚሉት ካፊያ ነው፤ ይዘንባል ለማለት የሚያሳፍር፣ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸሚዝ የሚያርስ። ዣንጥላ የያዘ ሰው ለራሱ ይጠለላል፣ ከኋላው ያሉትን አሥር ሰዎች ግን ከመድረኩ ይጋርዳል። ኮፍያ ያለው ቀላል የዝናብ ካፖርት ይበቃል።

የእርከኖቹን ኮንሰርቶች ባልጠቅስ እበድላለሁ። ከትልቁ መድረክ ያነሱ፣ ቀደም ብለው የሚጀምሩ ናቸው፤ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በከተማዋ ሙዚኬኔ የሚባል ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ የጃዝ ክፍልም አለው። አንዲት ቀጭን ልጅ ኮንትራባሱን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከራሷ በላይ የሚረዝመውን እንጨት ስታናግረው አየሁ። ስትሳሳት ትስቃለች፤ ጓደኞቿም ይስቃሉ፤ ከዚያ ከተሳሳተችበት ቦታ አዲስ መንገድ ይጀምራሉ። ትልቁ መድረክ ላይ እንዲህ ያለውን አላገኘሁም። እዚያ ሁሉ ነገር ተለክቶ የመጣ ነው፤ ደግሞም ሁልጊዜ ጃዝ አይደለም፤ ሶል አለ፣ ፈንክ አለ፣ አንድ ምሽት ከሮክ በቀር ሌላ ነገር አልሰማሁም። ጃዝ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ቀኑን በእርከኖቹ ጀምሮ አሸዋውን ለማታው ቢያቆየው ይሻለዋል። የእህቴ ልጅ በዚህ አትስማማም። ለእሷ ዋናው ዳንሱ ነው።

ስለ ሆድም ጥቂት። ድልድዩን ተሻግሮ ባለው አሮጌ ከተማም ሆነ ከባሕር ዳርቻው ጀርባ ባለው ግሮስ ሰፈር፣ ቡና ቤቶቹ ባንኮኒው ላይ «ፒንቾ» የሚሉትን ቁራሽ ደርድረው ይጠብቃሉ። «ሂልዳ» የሚባለው ወይራ፣ በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣና ቃሪያ በአንድ ስንጥር የተሰኩበት ነው። ቃሪያውን አይቼ በጉጉት ነከስኩት፤ አያቃጥልም፤ የኮመጠጠ ሣር ነው። ቻኮሊ የሚሉትን ነጭ ወይን ጠርሙሱን ከፍ አድርገው እንደ ጠላ አረፋ እያስወጡ ያወርዱታል፤ እሱ ግን ጥሩ ነበር። በአንድ ባንኮኒ ከሁለት በላይ አይበላም፤ ቆሞ በልቶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው ልማዱ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ እሱም ወሬ ነው። ነጻ ስለሆነ ሊሰማ የመጣውም ሊያወራ የመጣውም አንድ ላይ ነው። ባላድ የሚሉትን ዝግ ያለ ዜማ ሲጫወቱ፣ ፒያኖው በሹክሹክታ ሲናገር፣ ከኋላዬ የቆሙት ስለ አንድ ሰው ፍቺ ከሥር መሠረቱ ተወያዩ። ስፓኒሽ አለማወቄ በጀኝ እንጂ ዝርዝሩን ይዤ እመጣ ነበር። ዝምታ የሚፈልግ ሰው ትኬት ገዝቶ አዳራሽ ይግባ። እኔ በበኩሌ ሚክሰሩ አጠገብ ወሬኛ ሲቀንስ አይቻለሁ፤ እዚያ የሚቆሙት እንደ እኔ ያሉ ናቸው።

በመጨረሻው ምሽት ያው ቦታዬ ላይ ነበርኩ። የድምፅ ባለሙያው፣ ጸጉሩን በላስቲክ ያሰረ ወጣት፣ ለሦስተኛ ቀን ሲያየኝ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ነፋሱ በርትቶ ነበርና ጊታሩ ርቆ ይሰማኛል። ቋንቋ የለንም። ጆሮዬን ነካሁ፤ ጊታር እንደያዘ ሰው ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ፤ አውራ ጣቴንም በትንሹ ወደ ላይ አነሣሁ። ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ አንዱን መቆጣጠሪያ በጥፍሩ ጫፍ ገፋ አደረገው። ጊታሩ መጣ። ወደ እኔ ሳይዞር ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ምን አሉት?» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ ከዳንሱ ላቧን እየጠረገች ስትመለስ።

«ምንም» አልኳትና ወደ ፍልፈሉ ባቡር መሮጥ ጀመርን።