መነፅር ስትገዙ ብሩ ፍሬሙ ላይ ይውጣ ወይስ ሌንሱ ላይ? ለጎንደር ልጆች

ብዙ ሰው ፒያሳ መነፅር ቤት ገብቶ መጀመሪያ ሚያየው ፍሬሙን ነው፣ መስታወት ፊት ቆሞ ያለውን ሁሉ ይለካል፣ ጓደኛውን ያምርብኛል ወይ ይላል፣ ከዛ ሌንሱ ላይ ሲደርስ "ያው ደህናውን አርግልኝ" ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ተገላቢጦሽ ነው በቃ። ምታዩት በሌንሱ ነው፣ ፍሬሙ ተሸካሚ ነው። ብሩ ካልበቃችሁ ፍሬሙን መካከለኛ አርጉና ቀሪውን ሌንስና ልኬት ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ግን ገበያ ላይ ተሰርቶ ሚሸጠው የንባብ መነፅር ከታዘዘው ጋር ሲወዳደር። የተሰራው ሁለቱም አይን ላይ አንድ አይነት ቁጥር ነው፣ ሲሊንደር ሚባለው፣ አይን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያለበትን የእይታ መዛባት ሚያስተካክለው ቁጥር የለውም። እድሜያቸው ከ40 አልፎ ሩቁን ደህና አርገው ሚያዩ፣ ሁለቱ አይናቸው እኩል የሆነ እናት መርፌ ለመክተት ቢገዙት ምንም አይላቸውም። ግራና ቀኙ ከተለያየ ወይም ልጅ ከሆነ ግን ተዉት፣ ሂዱና ተመርመሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ኦፕቶሜትሪ፣ የእይታ ምርመራና የመነፅር ሙያ ማለት ነው፣ ሚያስተምር ቤት ነው፣ እዚህ ተቀምጦ አይን ሳይመረመሩ መነፅር መግዛት ትንሽ ያሳፍራል። ስትመረመሩ ወረቀቱን ያዙ፣ ቁጥሩ፣ ሲሊንደሩ፣ የሲሊንደሩ አቅጣጫ ሚባለው አክሲሱ ይፃፍበት፣ ፒዲም ካልተፃፈ አስለኩ።

ፒዲ ማለት በሁለቱ የአይን ብሌኖች መሀል ያለው ርቀት ነው፣ አዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ነው። የሌንሱ ማእከል አይናችሁ ፊት ካልዋለ ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ አይን ያን ለማስተካከል ሲታገል ራስ ምታት ይመጣል። ቁጥራችሁ −1 ከሆነ 3 ሚሊሜትር ቢሳሳት 0.3 ፕሪዝም (ሌንሱ ብርሃኑን ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚጎትት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ላይታወቃችሁም ይችላል። −6 ከሆነ ግን ያው 3 ሚሊሜትር 1.8 ፕሪዝም ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው "በአይን ግምት ይሆናል" ሚል ሱቅ ካጋጠመው ወደ ሌላ ይሂድ።

አሁን ፍሬም። እጁ ላይ ወይ አፍንጫው ጋ በውስጥ በኩል 52 18 140 ምናምን ተብሎ ተፅፏል፣ የሌንሱ ስፋት፣ የአፍንጫው ክፍተት፣ የእጁ ርዝመት ማለት ነው። 52 እና 18 ሲደመር 70 ነው። ፒዲያችሁ 62 ከሆነ እያንዳንዱ ሌንስ 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መገፋት አለበት፣ የማይነስ ቁጥር ሌንስ (ሩቁ ለማይታየው ሰው ሚሰራው) ደግሞ ጠርዙ ነው ሚወፍረው፣ ስለዚህ በጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ይወፍራል። ድምሩ ለፒዲያችሁ ሲቀርብ ሌንሱም ይቀጥናል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ትልልቁ ፋሽን ፍሬም ቁጥሩ ከፍ ላለ ሰው ማይሆነው ለዚህ ነው።

አሲቴት ሚባለው ወፈር ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ይታጠፋል፣ ባለሙያው ለጆሯችሁ ያስተካክልላችኋል፣ ግን ከመሬት ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል። ቲአር 90 ሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ለልጅ አሪፍ ነው፣ ማስተካከያ ግን እንደ አሲቴት አይቀበልም፣ መጀመሪያውኑ ልክ መሆን አለበት። ብረቱ የአፍንጫ ፓድ ስላለው ይጠበባል ይሰፋል፣ ችግሩ ኒኬል ያለበት ከሆነ አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል። ታይታኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ከተሰበረ ግን ተራ ብየዳ አይዘውም፣ ደሞ ታይታኒየም ተብሎ ሚሸጠው ሁሉ ታይታኒየም እንዳይመስላችሁ። ጠርዝ የሌለውን በብሎን ሚያያዘውን ከወደዳችሁ ሌንሱ ተራ ፕላስቲክ እንዳይሆን፣ የተበሳበት ጋ ይሰነጠቃል።

ሌንስ ላይ ተራው ፕላስቲክ፣ ሲአር 39 ሚባለው፣ እስከ 2 እና 3 ቁጥር ድረስ በቂ ነው፣ እይታውም ጥርት ያለ ነው። ፖሊካርቦኔት ምት ይችላል፣ ቀጠን ይላል፣ ለልጅና ለሞተር ነጂ እሱን እላለሁ፣ ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ በጎን በኩልም ትንሽ ቀለም ያሳያል። 1.67 ሚባለው ቀጭኑ ሌንስ ከ5 እና 6 በላይ ላለው ሰው ነው፣ ለ−1.5 መክፈል ብር መጣል ነው። ጠርሙሱ ሌንስ በቀላሉ አይጫጫርም፣ ይከብዳል፣ ሲሰበር ደሞ አይን ሊጎዳ ይችላል፣ ዘመኑ አልፏል።

ሽፋን ላይ ደሞ ብሉ ከት፣ የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን ያስቀራል ሚባለው፣ ነው ሚያዋክቡን። ሰማያዊ ላይት ሌንሱ ላይ ያበሩና አየህ አያሳልፍም ይሉሃል፣ ማያሳልፍ ይሁን እሺ፣ ግን የህክምና ጥናቶችን ሚገመግመው ኮክሬን ሚባል ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ጥናት ገምግሞ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ የአይን ድካም በመቀነስ ከተራው ሌንስ ይበልጣል ሚል ማስረጃ አላገኘም። አንቲ ሪፍሌክሽን፣ ነፀብራቅ ሚቀንሰው ሽፋን፣ ግን ከምር ይጠቅማል፣ ያልተቀባ ሌንስ 8 ፐርሰንት ገደማ ብርሃን ይመልሳል፣ ማታ የመኪና መብራት ሚበተንባችሁ ከሆነ እሱን አሰሩ። ፎቶክሮሚኩ ፀሀይ ላይ ሚጠቁረው ጥሩ ነው፣ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል። ግን መኪና ውስጥ መስታወቱ ጨረሩን ስለሚያስቀር ብዙ አይጠቁርም፣ ስለዚህ አዘዞ ፒያሳ ሲመላለስ ለሚውል ሹፌር የፀሀይ መነፅር ይሻለዋል። ፎቶክሮሚኩን ሙቀትም ያደክመዋል፣ ደባርቅ ብርድ ላይ ጥቁር ይላል፣ መተማ ግን ፀሀዩ እየነደደ ያን ያህል አይጠቁርም።

ባለሁለት ቁጥር ወይስ ፕሮግረሲቭ ለምትሉ፣ ፕሮግረሲቭ፣ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ያለ መስመር ቀስ እያለ ሚቀየረው፣ መሀከለኛውን ርቀትም ያሳያል፣ ግን ውድ ነው፣ ጎን በኩል ይደበዝዛል፣ ፍሬሙም ቁመት ይፈልጋል፣ 30 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። አትሮንስ ላይ ዘርግተው ቆመው ሚያነቡ አባት ካሉ ለመርማሪው ርቀቱን ይንገሩት፣ ተራ የንባብ ቁጥር ለ40 ሳንቲሜትር ነው ሚለካው፣ አትሮንሱ ከዛ ይርቃል።

ስትረከቡ ጎንበስ በሉበት፣ ከተንሸራተተ እዛው ያስተካክሉት። ሽፋሽፍታችሁ ሌንሱን ካልነካው፣ እጁ ከጆሮ ጀርባ ሳይቆነጥጥ ከታጠፈ ደህና ነው። በጋ ላይ አቧራውን በነጠላ ጫፍ በደረቁ አትጥረጉት፣ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት። አዲስ ቁጥር ጥቂት ቀን ያደናግራል፣ ከሳምንት በላይ ራስ ካሳመማችሁ ግን ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱና ሌንሶሜትር ሚባለው የሌንስ መለኪያ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩንም ማእከሉንም ፊታችሁ ያመሳክሩት፣ ደቂቃ ነው ሚፈጀው።